ማርትሬዛ፣ ኡምቤርቶ ወይስ ሽልንግ? የቅኝ ግዛት ዘመን ገንዘብ መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው

ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» እያልን ያደግን ሰዎች ቃሉ ከየት እንደመጣ ብዙም አንጠይቅም። ኪሳችን ሲራቆት «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» እንላለን፤ ቤሳ የሚባለውን ገንዘብ በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው። ሽልንግ እንግሊዞች ለምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ያስመቱት ገንዘብ ነው። ቤሳ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር ወደ አካባቢያችን የገባ ስም ሲሆን፣ ጣሊያኖች ለሶማሊያ ባስመቱት የነሐስ ሳንቲም ላይም ይገኛል። የጣሊያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶ መልኩን አስቀርጾ ለኤርትራ የላከው ትልቅና ያማረ ገንዘብ ግን ዛሬ በዕለት ንግግራችን ስሙን የሚያነሣው የለም።

ይህ ልዩነት ለእኔ የመምረጫው ዋና መስፈርት ነው። «የአፍሪካ ቀንድን የቅኝ ግዛት ገንዘብ መሰብሰብ እፈልጋለሁ፤ በየትኛው ልጀምር?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዋጋና ስለ ብርቅነት እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ መያዝ የሚፈልጉት ሕዝቡ የተቀበለውን ገንዘብ ነው ወይስ የመለሰውን? ሁለቱም ታላቅ ታሪክ አላቸው። አፈላለጋቸው፣ ዋጋቸውና የማጭበርበር አደጋቸው ግን በእጅጉ ይለያያል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በሳንቲሞቹ ላይ እንደተቀረጹት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርትሬዛ፦ ሁሉም የሚለካበት

ይህን የምጽፈው አንዱን ማርትሬዛ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው። በስተላይኛው ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለው፤ አንድ ዘመን ማንጠልጠያ ተበይዶለት በአንዲት ሴት አንገት ላይ ውሏል። በፊቱ የባልቴት ሻሽ የደረበች ወፍራም ንግሥት፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ አለች፤ ከትከሻዋ በታች «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ 1780 የሚል ዓመት፣ ከዓመቱም ቀጥሎ የተጋደመች ትንሽ መስቀል ይታያሉ። ጠርዙን በጥፍር ሲዳስሱት ጎላ ብለው የተቀረጹ የላቲን ፊደላት ይሰማሉ፤ ትርጉማቸው «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። የእኔው ፊቱ በጣም ስለተፋቀ የንግሥቲቱ አፍንጫ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ አላዝንም፤ ስንት እጅ እንዳለፈበት የሚመሰክረው ይኸው ነው።

ማርትሬዛ፣ በሌላ ስሙ ጠገራ ብር፣ በትውልዱ የቅኝ ግዛት ገንዘብ አይደለም። ኦስትሪያ በአካባቢያችን ቅኝ ግዛት አልነበራትም። ንግሥቲቱም በ1780 ሞተዋል፤ ገንዘቡ ግን ዓመቱ ሳይቀየር እስከ ዛሬ ይመታል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ የብር ይዘቱ ከሺህ 833 እጅ ነው። በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይያዙልኝ፤ የቀሩት ገንዘቦች ሁሉ የተሸነፉት ወይም የተወዳደሩት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ወቄታችን እንኳ ልኩን ያገኘው ከአንድ ማርትሬዛ ክብደት ነው።

ነጋዴው ገንዘቡን የሚቀበለው በዘፈቀደ አልነበረም። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ማያያዣ ዕንቁዎች ይመለከታል፤ ሁለቱ ፊደላት መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ካልጣመው ይመልሳል። ይህን የሕዝብ ጥንቃቄ ቅኝ ገዢዎቹ ተጋፍጠው ተሸንፈውበታል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በሊሬ ብቻ መንቀሳቀስ እንደማይችል ተረድቶ በ1935 የማርትሬዛን መምቻ ቅርጽ ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ወሰደ። የሮም የገንዘብ ማምረቻም የሟቿን ንግሥት መልክ በገፍ ማተም ጀመረ። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና በኋላም ቦምቤይ ተከተሉት። ፋሺስት ጣሊያን የራሱን ንጉሥ መልክ ትቶ የሌላ አገር ንግሥት መልክ ይዞ ለወረራ መምጣቱ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት ይመስለኛል።

ለጀማሪ ማርትሬዛ ጥሩ ነው፤ በቀላሉ ይገኛል፣ በእጅ ሲይዙትም ደስ ይላል። ነገር ግን ሻጩ «ይህ ሮም የተመታው ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምርብዎ አይክፈሉ። በየከተማው የተመቱትን የሚለዩት በንስሩ ላባዎችና በማያያዣው ዕንቁዎች ላይ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው፤ ለዓመታት ያጠና ሰው ካልሆነ አይለያቸውም። አዲስ ሆኖ የሚያብረቀርቀውም ምናልባት ትናንት ቪየና የተመታ ሊሆን ይችላል። ታሪክ የሚፈልግ ሰው የተፋቀውን ይምረጥ።

የኡምቤርቶ ታሌሮ፦ የተመለሰው ገንዘብ

ጣሊያን በጥር 1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ ካወጀች በኋላ ወዲያው ያሰበችው ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት ነበር። በ1891 ከዚያም በ1896 «ታሌሮ» የተባለውን ባለ 5 ሊሬ ገንዘብ በሮም አስመታች። ኡምቤርቶ በአገሩ ሳንቲሞች ላይ ራሱን ገልጦ ነው የሚታየው፤ በዚህኛው ላይ ግን ዘውድ ደፍቶ፣ ግዙፍ ሪዙን አንዠርግጎ ተቀርጿል። በጀርባው የጣሊያን ንጉሣውያን ቤት ጋሻ በደረቱ ላይ ያለ ንስር ተሥሏል። በዓይን ካየነው ከማርትሬዛ ያላነሰ ውብ ሥራ ነው።

ያልተሳካለት ለምን እንደሆነ ሚዛኑ ይናገራል። ክብደቱ 28.125 ግራም ነው፤ ከማርትሬዛ በጥቂቱ ይበልጣል። የብሩ ጥራት ግን ከሺህ 800 እጅ ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 22.5 ግራም ብቻ ነው። ይህ አኃዝ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በጣሊያን አገር የሚሠራበት ባለ 5 ሊሬ ብር 25 ግራም ሆኖ ጥራቱ ከሺህ 900 እጅ ነበር፤ ንጹሕ ብሩም ልክ 22.5 ግራም ይሆናል። ባለሥልጣኖቹ አንዱን ታሌሮ ከ5 ሊሬ ጋር ሳንቲም ሳያጎድሉ ለማስተካከል ሲሉ ክብደቱን ጨምረው ጥራቱን ቀነሱ። በሮም ሒሳብ ቤት ትክክል ነበር። በምጽዋ ገበያ ግን ነጋዴው ከእያንዳንዱ ገንዘብ ወደ አንድ ግራም የሚጠጋ ብር እየጎደለበት፣ በዚያም ላይ የማያውቀውን ሰው መልክ ተቀበል ተባለ። አልተቀበለም።

የ1896ቱን ታሌሮ ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዓመቱ የዓድዋ ዓመት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእነርሱ አቆጣጠር የመጋቢት 1896 መጀመሪያ ቀን ነበር። ሠራዊቱ በተራራ ላይ የተሸነፈበትን ዓመት ይህ ገንዘብ በግንባሩ ላይ ተሸክሞታል። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ ዓመት የተቀረጸበት የቅኝ ግዛት ገንዘብ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይሁንና በእርሱ አይጀምሩ። በብዛት ከሚጭበረበሩት ገንዘቦች አንዱ እርሱ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ከአንድ የማስታወሻ ዕቃ መደብር የ1891 ኡምቤርቶ ገዝቼ ቤቴ እስክደርስ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። አንድ አንጥረኛ ወዳጄ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ገና ሳይመዝነው ራሱን ነቀነቀ። ሚዛኑ 21 ግራም አለ። የንጉሡ ሪዝ እንደ ቀለጠ ሰም ደብዝዞ፣ በፊደላቱ መካከል የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ነበሩበት፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ነገር ነበር። ያኔ ቁጥሮቹን ባውቅ ኖሮ መደብሩ ውስጥ በኪስ ሚዛን አረጋግጬ እመልሰው ነበር።

የኡምቤርቶን ታሪክ መያዝ ለሚፈልግ ሰው የተሻለው መንገድ ከታሌሮው ጋር አብረው የወጡት ትንንሾቹ ናቸው። ባለ 50 ሳንቲም፣ ባለ 1 ሊሬና ባለ 2 ሊሬው ከ1890 ጀምሮ የተመቱ ሲሆኑ ክብደታቸው 2.5፣ 5 እና 10 ግራም፣ ጥራታቸው ከሺህ 835 እጅ ነው። ዋጋቸው ከትልቁ በጣም ያነሰ ነው፣ የሚያጭበረብራቸውም ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ገንዘቡ የታሌሮ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ በላቲን ብቻ ሳይሆን በዐረብኛና በእኛው በግዕዝ ፊደል ተጽፎባቸዋል። በሮም የሚሠራ ቀራጭ የማያነበውን ፊደል በብረት ላይ ሲቆርጥ ማሰብ ያስደንቃል። እኔ ለመጀመሪያ የጣሊያን ዘመን ገንዘብ የምመክረው ባለ 1 ሊሬውን ነው።

የ1918ቱ፦ ብሩ እኩል ሆኖ ያልቀናው

አብዛኛው ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን አብልጬ የምወደው ይህን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦስትሪያ የጣሊያን ጠላት ስትሆን የማርትሬዛ ምንጭ ተዘጋ፤ የቀይ ባሕር ንግድም ተቸገረ። ጣሊያኖች በዚህ ጊዜ ከኡምቤርቶ ስሕተት ተምረው ነበር። በ1918 የመቱት አዲስ ታሌሮ የንጉሥ መልክ የለውም። ጣሊያንን የምትወክል ሴት ናት፤ አቋቋሟ፣ ጌጧ፣ የትከሻዋ ልብስ ሁሉ ከሩቅ ሲታይ ማርትሬዛን እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። በጀርባው ንስር አለ፤ በላቲን የተጻፈውም ለኤርትራ ንግድ ምቾት የተመታ ብር መሆኑን ይናገራል። ክብደቱንም ጥራቱንም ከማርትሬዛ ጋር አስተካከሉት።

አሁንም አልቀናቸውም። ገበያው ሌላዋን ሴት ከእውነተኛዋ ለይቶ አወቀ። የኡምቤርቶ ታሌሮ የወደቀው በብር ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኼኛው ባለፈ ነበር። በሐቀኝነት መናገር ካለብን ግን እምቢታው ሁሉ የነፃነት ስሜት ነው ብለን መደምደም አንችልም። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብርም በክብደትና በጥራት ከማርትሬዛ ጋር የተስተካከለ ነበር፤ እርሱም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። ገበሬውና ነጋዴው ያመኑት ከአባቶቻቸው ጀምሮ የሚያውቁትን መልክ ነው። ስለዚህ ማርትሬዛ፣ የምኒልክ ብር፣ የ1891 ወይም የ1896 ኡምቤርቶና የ1918ቱ ታሌሮ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ከየትኛውም የታሪክ ንግግር በላይ ይናገራሉ። አቅም ያለው ሰው እነዚህን አራቱን ብቻ ይሰብስብ እላለሁ። ውድ ነው፤ የ1918ቱም እየተጭበረበረ ስለሆነ ክብደቱ ተመዝኖ፣ ከታመነ ሻጭ ደረሰኝ ጋር ካልሆነ አይገዛም።

ሽልንግ፦ የተቀበልነውና ስሙን ያስቀረነው

የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ጣሊያንን በ1941 ካስወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አብሮ ገባ። ይህ ገንዘብ በ1919 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ የሚያወጣው ነበር። በ1942 በኢትዮጵያ ዋናው የሒሳብ ገንዘብ ሆነ። የኢትዮጵያ አዲሱ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። የአንድ ብር ግማሽ «ሽልንግ» ሆነ፤ ሃምሳ ሳንቲም እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። በኤርትራ ደግሞ እስከ 1952ቱ ፌዴሬሽን ድረስ በሽልንግ ሲሠራ ቆይቷል።

ለጀማሪ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ርካሽ ነው። ማንም ሰው ጊዜውን አጥፍቶ የሚያጭበረብረው አይደለም። በለንደንና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን በአሮጌ ሳንቲም መሸጫዎች ሣጥን ውስጥ ከሌሎች ሳንቲሞች ጋር ተደባልቆ ያገኙታል። በአንድ በኩል የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ፣ በሌላው ከተራሮች ፊት የቆመ አንበሳ አለ። ትንንሾቹ የነሐስ ሳንቲሞች መካከላቸው ቀዳዳ ያለው ነው፤ ልጆች ክር አስገብተው የሚጫወቱባቸው ዓይነት።

አንድ ሽልንግ ሲገዙ ዓመቱን ያንብቡ። እስከ 1946 የተመቱት ከሺህ 250 እጅ ብር አላቸው፤ ከ1948 ጀምሮ ያሉት የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ናቸው። በንጉሡ ዙሪያ ያለው ጽሑፍም በዚያው ጊዜ ተለውጧል፦ በፊተኛው ላይ ጊዮርጊስ ስድስተኛ «የሕንድ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ በኋለኛው ላይ ማዕረጉ ጠፍቷል። አንድ ግዛት ከንጉሥ እጅ ስትወጣ በሁለት ርካሽ ሳንቲሞች ላይ ማየት ይቻላል።

አጠገቡ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸውን የኢትዮጵያን ሃምሳ ሳንቲም ያስቀምጡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሉበት ይህ ሳንቲም በፊላደልፊያ ሲመታ መጀመሪያ ላይ ከሺህ 800 እጅ ብር ነበረው። የብሩ ምንጭ አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን የሰጠችው ብድር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለዘመናት በብር ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ አዲሱን የወረቀት ገንዘብ ወዲያው አያምንም። ስሙን ከሽልንግ ወረሰ፤ በብር ይዘቱ ግን የሽልንግን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ለመግዛት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የቀሩት

የሶማሊያው ቤሳና ሩፒያ ለባሕር ዳርቻው ንግድ ታሪክ ፍቅር ላለው ሰው ነው። ከ1909 ጀምሮ የነሐስ ቤሳ፣ ከ1910 ጀምሮ የብር ሩፒያ ወጣ፤ መቶው ቤሳ አንድ ሩፒያ ነበር። ሩፒያው በክብደትም በጥራትም የሕንድን ሩፒ የተከተለ ነው፤ የበናዲር (የደቡብ ሶማሊያ ባሕር ዳርቻ) ነጋዴ ፊቱ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሕንድ ነበርና ጣሊያኖች በዚህኛው ላይ ገበያውን አልታገሉትም። የነሐሱ ቤሳ ዋጋው አይከብድም፤ «ቤሳ ቤስቲን» የሚለውን አባባል ለልጆች ሲያስረዱ መዳፍ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ይሆንልዎታል።

የአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረቀት ገንዘብ፣ ማለትም «ልዩ ተከታታይ፣ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ቀይ ኅትመት የታከለበት ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ፣ ከ1938 ጀምሮ የወጣ ነው። የወራሪውን ሕልም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ሕዝቡ ማርትሬዛውን በወረቀት እንዲለውጥ መመንዘሪያው ከአምስት ሊሬ በታች ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ 13 ሊሬ ተኩል ደርሶ ነበር፤ ሆኖም ብዙው ሰው ብሩን ቀበረ እንጂ አልሰጠም። ግን ወረቀት ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል፣ በተራ የሊሬ ኖት ላይ ቀይ ኅትመት ማከልም የሚከብድ አይደለም። ለጀማሪ አልመክረውም።

ከመክፈልዎ በፊት

አሥረኛ ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን ይግዙ። ቀጥሎ በውኃ ይፈትሹ፦ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ገንዘቡን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ከታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ ያጥልቁት። እውነተኛ ማርትሬዛ ከሆነ ሚዛኑ 2.8 ግራም ገደማ ያሳያል። ናስ ወይም ኒኬል ሆኖ ክብደቱ ብቻ የተስተካከለ ከሆነ ከ3 ግራም ያልፋል። ይህን ፈተና እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አመስግነው ይውጡ። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ ናስም አይሳብም።

የገዙትን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አይሹት። እናቶቻችን የብር ጌጥ የሚያጸዱት በዚህ ነው፤ ሰብሳቢ ዘንድ ግን የተፈተገ ሳንቲም ግማሽ ዋጋውን ያጣል፣ የለበሰው ጥቁረትም አይመለስም። በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት፤ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። ከኢትዮጵያ ይዘው ሊወጡ ካሰቡም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.)ን በማሰብ አስቀድመው ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቁ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መከራከር አያዋጣም።

ማርትሬዛን በተመለከተ ደግሞ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ቤት ይጠይቁ። በብዙ ቤት፣ በአያት ሣጥን ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ አንድ ወይም ሁለት አይጠፋም። ከተገኘ ማንጠልጠያውን አይንቀሉ። የማን አንገት ላይ እንደነበር፣ ለሠርግ ይሁን ለልደት የተሰጠ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉና ከገንዘቡ ጋር አብረው ያስቀምጡት።